የሳተላይት ቴሌቪዥን የቻናል ጥቅል

የቻናል ጥቅል፣ በተለምዶ ፓኬጅ የሚባለው፣ የክፍያ ሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቶች በአንድ ስምና በአንድ ወርሃዊ ዋጋ የሚሸጡት የቻናሎች ስብስብ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ አንድ መሠረታዊ ጥቅል ይመርጣል፤ ከዚያም የስፖርት፣ የፊልም ወይም የውጭ ቋንቋ ቻናሎችን በተጨማሪ ክፍያ ሊያክልበት ይችላል። ድርጅቶቹ የጥቅሎቻቸውን ስም፣ ዋጋና ይዘት በየጊዜው ስለሚቀያይሩ፣ አንዳንድ ደንበኞች ዛሬ ለአዲስ ሰው የማይሸጥ የቆየ ጥቅል ይዘው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው በዚህ ጽሑፍ ነባር ጥቅል ይባላል። ነባር ጥቅል አንዴ ከተለወጠ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ቻናል ማስጨመር ቀላል ጉዳይ ቢመስልም፣ ደንበኛው የያዘውን ማቆየቱ ወይም ማጣቱ ጥያቄው በሚቀርብበት መንገድ ላይ ይመሠረታል።

የጥቅል አመጣጥ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳተላይት ለቤት ተመልካች ታስቦ የተዘረጋ አልነበረም። የአሜሪካው የፊልም ጣቢያ ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥርጭቱን በሳተላይት ማስተላለፍ ሲጀምር፣ ምልክቱ የታሰበው ለኬብል ድርጅቶች ነበር። ትልቅ ሰሐን በግቢያቸው የተከሉ ሰዎች ግን ያንኑ ምልክት ያለ ክፍያ ይመለከቱ ነበር። ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በጥር 1986 ሥርጭቱን ሙሉ በሙሉ መመስጠር ሲጀምር፣ ለመመልከት ዲኮደርና ወርሃዊ ክፍያ አስፈላጊ ሆኑ።

በብሪታንያ ስካይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 ብዙ ቻናሎችን በአንድ ላይ አድርጎ በደንበኝነት መሸጥ ጀመረ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በዲጂታል ሥርጭት ነው። በአናሎግ ዘመን በሳተላይቱ ላይ ያለ አንድ የማስተላለፊያ መስመር በአብዛኛው የሚሸከመው አንድ ቻናል ብቻ ነበር። ዲጂታል መጭመቅ ሲመጣ በዚያው መስመር ብዙ ቻናሎችን ማስተላለፍ ተቻለ። በአሜሪካ ዳይሬክቲቪ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994፣ በደቡብ አፍሪካ ዲኤስቲቪ በ1995፣ እንደገና በአሜሪካ ዲሽ ኔትወርክ በመጋቢት 1996 በዚህ መንገድ ሥራ ጀመሩ። ቻናሎቹ በመቶ ሲቆጠሩ እያንዳንዱን ለየብቻ መሸጥ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በደረጃ የተከፋፈሉ ጥቅሎች የተለመደ የአሸጣጥ ዘዴ ሆኑ።

በቴክኒክ ጥቅል ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ከፍ ያለ ጥቅል ሲገዛ ድርጅቱ ወደ ቤቱ ተጨማሪ ቻናል የሚልክለት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የሳተላይት ምልክት እንደ ዝናብ ነው፤ በሀብታሙም በድሃውም ጣሪያ ላይ እኩል ይወርዳል። አነስተኛውን ጥቅል የያዘው ሰው ሰሐን የትልቁን ጥቅል ቻናሎችም አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል። ልዩነቱ ዲኮደሩ እነዚያን ቻናሎች ለመፍታት ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው።

ይህን ፈቃድ የሚቆጣጠረው ሥርዓት የሚሠራው በሁለት ዓይነት መልእክቶች ነው።

የመጀመሪያው ኢሲኤም ይባላል። የተመሰጠረው ቻናል የሚፈታበትን ቁልፍ ተሸክሞ ከሥዕሉና ከድምፁ ጋር አብሮ ይላካል። በአውሮፓው የዲቪቢ ደረጃ መሠረት በሚሠሩ ሥርዓቶች ይህ ቁልፍ በአሥር ሰከንድ ገደማ ስለሚቀያየር፣ አንድ ቁልፍ ቢሰረቅ እንኳ ብዙ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ኢኤምኤም ይባላል። ይህ ለአንድ የተወሰነ ስማርት ካርድ ወይም ዲኮደር ተጽፎ የሚላክ የመብት መልእክት ነው። "ይህ ቁጥር ያለው ካርድ እስከዚህ ቀን ድረስ እነዚህን ጥቅሎች እንዲፈታ ተፈቅዶለታል" እንደማለት ነው። ካርዱ መብቱን በማኅደሩ ይይዘዋል። ተመልካቹ ቻናል ሲቀይር ካርዱ የቻናሉን ኢሲኤም ተቀብሎ በውስጡ ከተመዘገበው መብት ጋር ያመሳክራል። መብቱ ካለ ቁልፉን ይሰጣል፤ ከሌለ ቻናሉ እንደተቆለፈ ይቀራል።

ከዚህ የምንረዳው ጥቅል ማለት በድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ያለ ኮድና በካርዱ ውስጥ የተጻፈ መብት መሆኑን ነው። ቻናል መጨመርም ሆነ ነባር ጥቅል ማጣት የሚከናወነው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

የጥቅል ዓይነቶች

መሠረታዊ ጥቅል፦ እያንዳንዱ ደንበኛ የግድ ሊኖረው የሚገባ ነው። በአንድ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖረው አንድ መሠረታዊ ጥቅል ብቻ ነው። የዲሽ ኔትወርክ አሜሪካስ ቶፕ 120 እና የዳይሬክቲቪ ቾይስ ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ጭማሪ ጥቅል፦ በመሠረታዊው ላይ የሚታከል ነው። አንድ ደንበኛ ብዙ ጭማሪዎች ሊኖሩት ይችላሉ። በአሜሪካ የኤችቢኦ፣ የሾውታይምና የስታርዝ የፊልም ቻናሎች ለረዥም ጊዜ በዚህ መልክ ሲሸጡ ቆይተዋል። በዲኤስቲቪ ዘንድም ለሕንድና ለፈረንሳይ ቋንቋ ተመልካቾች የሚሸጡ ጭማሪዎች አሉ።

የደረጃ ጥቅል፦ መሠረታዊ ጥቅሎች እንደ መሰላል ሲደረደሩ፣ የላይኛው በአብዛኛው የታችኛውን ቻናሎች ይጨምራል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የዲኤስቲቪ አክሰስ፣ ፋሚሊ፣ ኮምፓክት፣ ኮምፓክት ፕላስና ፕሪሚየም በዚህ ዓይነት የተደረደሩ ናቸው። እዚህ ላይ ቻናል ለማግኘት ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የያዘውን ደረጃ በሌላ ይተካል እንጂ በያዘው ላይ አይጨምርም።

ነባር ጥቅል ለምን ይኖራል?

ድርጅቶች ጥቅል የሚለውጡባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከቻናል ባለቤቶች ጋር የገቡት ውል ያልቃል፤ የስፖርት መብት ዋጋ ይጨምራል፤ የድርጅቱ ባለቤትነት ይለወጣል፤ ገበያውም አዲስ ስም ይፈልጋል። ለምሳሌ ዳይሬክቲቪ ቀድሞ ቶታል ቾይስ በሚል ስም ይሸጣቸው የነበሩትን ጥቅሎች ለአዲስ ደንበኞች ማቅረቡን አቁሞ በእነ ቾይስና ቾይስ ኤክስትራ ተክቷቸዋል።

የቀድሞዎቹን ደንበኞች በሙሉ በአንድ ቀን ወደ አዲሱ ማዛወር ቁጣና ስንብት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ መካከለኛውን መንገድ ይመርጣል፦ አሮጌውን ኮድ ለአዲስ ሽያጭ ይዘጋዋል፤ የያዙት ግን እንደያዙት ይቀጥላሉ። በመዝገቡ ላይ ኮዱ "አለ፣ ግን አይሸጥም" የሚል ሁኔታ ይኖረዋል። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ጥቅል ለመምረጥ ዝርዝሩን ሲከፍት የሚያየው የሚሸጡትን ብቻ ነው። ደንበኛው ከተዘጋው ኮድ አንዴ ከወጣ፣ ሠራተኛው ሊመልሰው ቢፈልግ እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ ላያገኘው ይችላል። "ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ" ማለት ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ነባር ጥቅል ሲባል ዋጋው ለዘለዓለም አይነካም ማለት አይደለም። ድርጅቱ በውሉ መሠረት ዋጋ ሊጨምር፣ ቻናል ሊያስወጣ፣ በመጨረሻም ማስታወቂያ ሰጥቶ ጥቅሉን ሊያጠፋው ይችላል። የነባር ጥቅል ጥቅም አንዳንድ ጊዜ ዋጋው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አሁን በአንድ ጥቅል ውስጥ የማይገኙ ቻናሎችን አንድ ላይ መያዙ ነው።

መጨመርና መተካት

በመዝገቡ ላይ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች አሉ። መጨመር መሠረታዊውን ኮድ ሳይነካ ከሥሩ አዲስ መስመር ይጽፋል። መተካት ደግሞ መሠረታዊውን ኮድ ዘግቶ በቦታው ሌላ ያስገባል። ደንበኛው "የፊልም ቻናል እፈልጋለሁ" ሲል ሁለቱም ትእዛዞች ጥያቄውን ይመልሳሉ፤ ውጤታቸው ግን የተለያየ ነው። ሠራተኛው "ወደ ተሻለ ጥቅል ላሳድግልዎ" ካለ ያቀረበው መተካትን ነው።

ልዩነቱን በግምታዊ ቁጥር እንመልከት። አንድ ቤተሰብ በወር 600 ብር የሚከፈልበት ነባር ጥቅል አለው እንበል። የሚፈልገው የፊልም ጭማሪ በወር 150 ብር ነው። ሠራተኛው ግን ፊልሙን ጨምሮ የያዘ አዲስ ጥቅል ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በ700 ብር፣ ከዚያ በኋላ በ950 ብር ያቀርብለታል።

ቢጨምር በወር 750 ብር፣ በዓመት 9,000 ብር ይከፍላል።

ቢተካ በመጀመሪያው ዓመት 4,200 እና 5,700፣ በድምሩ 9,900 ብር ይከፍላል። በሁለተኛው ዓመት ክፍያው 11,400 ብር ይሆናል።

በመጀመሪያው ወር መተካት በ50 ብር ርካሽ ይመስላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን 3,300 ብር ይበልጣል። ቤተሰቡ ከዓመት በኋላ ፊልሙን መተው ቢፈልግስ? ጨምሮ ከሆነ ጭማሪውን አስወግዶ ወደ 600 ብሩ ይመለሳል። ተክቶ ከሆነ ወደ ነባሩ የሚመለስበት በር ተዘግቷል።

ጭማሪ ራሱ ሊጠፋ እንደሚችልም ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ኤንኤፍኤል ሰንደይ ቲኬት የተባለው የእግር ኳስ ጭማሪ ከ1994 እስከ 2022 የውድድር ዘመን ድረስ ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች በዳይሬክቲቪ በኩል ሲሸጥ ከቆየ በኋላ፣ በ2023 ወደ ዩቲዩብ ተዛወረ። ለእንዲህ ያለ ጭማሪ ሲል ነባር ጥቅሉን የለወጠ ሰው፣ ጭማሪው ሲሄድ ነባሩ አይመለስለትም።

ሳይታሰብ ጥቅል የሚጠፋባቸው ሁኔታዎች

1. ቅናሽ፦ "ለሦስት ወር በነጻ" የሚል ግብዣ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው አሁን በሚሸጥ መሠረታዊ ጥቅል ላይ ብቻ ነው። ግብዣውን መቀበል መተካትን ያስከትላል።

2. አዲስ መሣሪያ፦ አሮጌ ዲኮደር አዲሱን የሥርጭት ዘዴ ላይፈታ ይችላል። ለምሳሌ ለኤምፔግ 2 ብቻ የተሠራ ዲኮደር በኤምፔግ 4 የተጨመቀ ቻናል አያሳይም፤ የዲቪቢ ኤስ ብቻ የሆነ መቀበያም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የዲቪቢ ኤስ2 ምልክት አይቀበልም። መሣሪያ መለወጥ ጥቅል መለወጥ ባይሆንም፣ ሁለቱ በአንድ ትእዛዝ ሊታሰሩ ይችላሉ።

3. አዲስ ውል፦ በአሜሪካ ዳይሬክቲቪና ዲሽ ኔትወርክ የ24 ወር ውል በስፋት ተጠቅመዋል፤ ከጊዜው በፊት ለሚያቋርጥ ደንበኛም ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 20 ዶላር የሚያስከፍል ደንብ ነበራቸው። ጥቅሉ ባይጠፋም ደንበኛው ሳያውቀው እንደገና በውል ሊታሰር ይችላል።

4. ክፍያ ማቋረጥ፦ መለያው ከተዘጋ በኋላ እንደገና ሲከፈት እንደ አዲስ ደንበኛ ሊቆጠር ይችላል።

5. የስም ዝውውርና የቤት ለውጥ፦ መለያውን ከአባት ወደ ልጅ ስም ማዛወር አዲስ መለያ መክፈት ሊሆን ይችላል።

6. በራስ አገልግሎት መለወጥ፦ በድረ ገጽና በስልክ መተግበሪያ ላይ ነባሩ ጥቅል ከሚሸጡት ጋር አይዘረዘርም። ደንበኛው ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ ካረጋገጠ ነባሩ ወዲያው ሊተካ ይችላል።

እንዴት ይጨመራል?

ከመደወል በፊት የመጨረሻውን ደረሰኝ ወይም የመለያ ገጹን ማየትና የመሠረታዊውን ጥቅል ትክክለኛ ስም፣ ዋጋና የውል ማብቂያ ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ገጹን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ በኋላ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። የተፈለገውን ቻናል ስም ለይቶ ማወቅም ጠቃሚ ነው። "ተጨማሪ ስፖርት" ከማለት "ይህን ቻናል" ማለት ሠራተኛው ሌላ ጥቅል እንዳያቀርብ ይረዳል።

በጥያቄው ወቅት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "መሠረታዊ ጥቅሌ እንዳይነካ እፈልጋለሁ" የሚል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል፦

1. ይህ ቻናል ለብቻው በጭማሪነት ይሸጣል ወይስ በሌላ መሠረታዊ ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው ያለው?
2. አሁን ባለኝ ጥቅል ላይ ይታከላል?
3. አዲስ ውል ወይም አዲስ መሣሪያ ይጠይቃል?
4. ጭማሪውን በኋላ ባስወግድ የዛሬው ጥቅሌና ዋጋው እንዳለ ይቀጥላል?

መልሶቹ ከተሰሙ በኋላ ትእዛዙ ከመጽደቁ በፊት የአዲሱን ወር አጠቃላይ ሒሳብ ከነዝርዝሩ እንዲያነቡ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባጸደቀው ደንብ፣ የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶች የቪዲዮ አገልግሎት ዋጋቸውን ከነተጨማሪ የፕሮግራም ክፍያዎቹ በአንድ ግልጽ አኃዝ እንዲያሳዩ አዝዟል። በሌሎች አገሮችም ዝርዝሩን መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው። ሠራተኛው እርግጠኛ ካልሆነ "አሁን ምንም አትለውጥ" ብሎ ማቆም ይሻላል።

በስልክ የተሰጠ "እሺ" እንደ ስምምነት ሊመዘገብ ይችላል። ይህ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ የአገሩን ቋንቋ በደንብ ለማይናገሩ ወላጆች አሳሳቢ ነው። እናት በራሷ ስም የያዘችውን መለያ በተመለከተ ልጅ ሊደውልላት ይችላል፤ ነገር ግን ድርጅቱ ባለመለያዋን ራሷን ማነጋገር ሊፈልግ ስለሚችል አብሮ መደወል ይመረጣል። በአሜሪካ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች አስተርጓሚ ሊያቀርቡ ስለሚችሉ መጠየቅ አይከፋም።

ከተጨመረ በኋላ

ትእዛዙ ሲጸድቅ ድርጅቱ አዲሱን ኢኤምኤም በሳተላይት ይልካል። መልእክቱን ለመቀበል ዲኮደሩ መብራት ላይ መሆንና ምልክት ማግኘት አለበት። ጠፍቶ የቆየ ዲኮደር መልእክቱ በተላከበት ጊዜ ስላልሰማ ቻናሉ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። በዲኤስቲቪ ዲኮደሮች ላይ የሚታየው ኢ16 የተባለ የስህተት ኮድ ዲኮደሩ ለቻናሉ መብት እንዳላገኘ ያመለክታል፤ ኢ48 ደግሞ የምልክት ችግር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ መልእክቱ እንደገና እንዲላክ መጠየቅ፣ በሁለተኛው ሰሐኑንና ገመዱን ማየት ይገባል። ሁለቱን ያልለየ ሰው ሳያስፈልገው ሰሐን ሲያስዞር ይውላል።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ደረሰኝ መታየት አለበት። የመሠረታዊው ጥቅል ስም እንደ ቀድሞው ከሆነና ከሥሩ አንድ አዲስ መስመር ብቻ ከተጨመረ ሥራው ተሳክቷል። የመሠረታዊው ስም ከተለወጠ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መደወል ያስፈልጋል። የተሳሳተ ትእዛዝ የሒሳብ ወሩ ከመዘጋቱ በፊት መሻር ከኋላው ይልቅ ይቀላል። የጥሪውን ቀን፣ የሠራተኛውን ስምና የትእዛዙን ቁጥር የያዘ ሰው በዚህ ጊዜ ይጠቀማል።

ጭማሪው ሌላ ሰሐን ሲፈልግ

አንዳንድ ጭማሪዎች የሚሰራጩት ከመሠረታዊው ጥቅል በተለየ ሳተላይት ነው። በአሜሪካ ዳይሬክቲቪ የውጭ ቋንቋ ቻናሎችን በ95 ዲግሪ ምዕራብ፣ ዲሽ ኔትወርክ ደግሞ በ118.7 ዲግሪ ምዕራብ ከሚገኝ ሳተላይት አሰራጭተዋል። ይህን ጭማሪ የሚፈልግ ሰው ለዚያ አቅጣጫ የሚሆን ሰሐን ያስፈልገዋል።

ከመዝገብ ውጭ ቻናል መጨመርም ይቻላል። ያለ ክፍያ የሚሰራጩ ቻናሎች ስላልተመሰጠሩ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም፤ የክፍያውን ጥቅልም አይነኩም። በኢትዮጵያ ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ሳተላይት ላይ ኢትዮሳት በሚባለው መድረክ በነጻ ይሰራጫሉ፤ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳትም ብዙ ነጻ የአረብኛ ቻናሎችን ይዟል። በሰሜን አሜሪካ በ97 ዲግሪ ምዕራብ የሚገኘው ጋላክሲ 19 ለተለያዩ ማኅበረሰቦች ነጻ ቻናሎችን ሲያቀርብ ቆይቷል። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ሰሐን፣ ኤልኤንቢና ተራ ሪሲቨር ነው። የክፍያ ዲኮደር በአብዛኛው ለራሱ ድርጅት ሥርጭት ብቻ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ቴሌቪዥን ሁለት መግቢያዎች ላይ መሰካት የተለመደ ነው።

ነባሩን መተው የሚሻልበት ጊዜ

የቆየ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ነባሩ ጥቅል ዋጋው ቀስ በቀስ ጨምሮ ከአዲሱ በልጦ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም ቻናሎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ስሙ ብቻ ቀርቶ ይሆናል። ቤተሰቡ በእርግጥ የሚያያቸውን ቻናሎች በወረቀት ጽፎ፣ እነዚያን ብቻ በሁለቱ ጥቅሎች ውስጥ መፈለግና የሁለት ዓመቱን ሒሳብ ማወዳደር ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል። አዲሱ ከበለጠ መለወጥ ብልህነት ነው። ዋናው ነገር ለውጡ በደንበኛው ውሳኔ እንጂ አንድ የፊልም ቻናል ሲጠይቅ ሳያውቀው እንዳይመጣበት ነው።